ዝቋላ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፦ የጉዞ ፎቶ ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲሄድ እንዳያሳዝን

ጥቅምት ላይ ዝናቡ አባርቶ አየሩ ሲጠራ፣ ከአቃቂ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው የዝቋላን ተራራ ከሜዳው ላይ ብቻውን ተነሥቶ ያገኘዋል። ግዙፍ ነው፤ ዓይን ይይዛል። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ሲያነሣና ስክሪኑን ሲመለከት ተራራው እዚያም አለ። ያው ፎቶ ታጥቦ ሲመጣ ግን ሰማይና ሜዳ ብቻ ይሆናል፤ ተራራው መሀል ላይ እንደ ጭረት ይቀራል። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን በስሌት ማየት ይቻላል። የዝቋላ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 2,989 ሜትር ነው፤ ከዙሪያው ሜዳ ብቅ የሚለው 1,000 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከአቃቂ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ከ35 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ተራራው በዓይናችን ፊት የሚይዘው ቁመት አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው። የተለመደው የስልክ ዋና ሌንስ ደግሞ ስልኩ አግድም ሲያዝ ከላይ እስከ ታች 50 ዲግሪ ያህል ይሰበስባል። እንግዲህ ዝቋላ ከፎቶው ቁመት 3 በመቶ፣ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በታጠበ ወረቀት ላይ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ትልቅ የመሰለን ተራራው ራሱ ከስክሪኑ ኋላ ቆሞ ስለነበር ነው። ነፋሱ፣ ስፋቱ፣ የመንገዱ ድካም ሁሉ ምስሉ የጎደለውን ሞልተውለት ነበር።

የጉዞ ፎቶ የሚያሳዝነን ቤት ስንደርስ ተበላሽቶ አይደለም። ሲነሣም ያው ነበር፤ ስሕተቱ ስክሪኑን ዳኛ ማድረጋችን ነው። ስክሪኑ ደግሞ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ብዙ ካሜራዎች ጀርባ ላይ ያለው መስኮት 3 ኢንች ነው፤ ሻጮች 920 ሺህ ነጥብ አለው ይላሉ፤ ነገር ግን አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴና አንድ ሰማያዊ ነጥብ ተደምረው አንድ ፒክሰል ስለሚሆኑ እውነተኛው ቁጥር 307 ሺህ አካባቢ ነው። ባለ 24 ሚሊዮን ፒክሰል ፎቶ በዚያ መስኮት ሲታይ 78 ያህል ፒክሰሎች ተጨፍልቀው አንድ ይሆናሉ። በዚህ መሀል የእጅ መንቀጥቀጥ ያመጣው ድብዝዝታ ይጠፋል፤ በጨለማ የተነሣ ፎቶ ላይ የሚታየው አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብም ይለሰልሳል። በዚያ ላይ ስክሪን ከውስጥ የሚበራ ሲሆን፣ ወረቀት ግን የክፍሉን ብርሃን መልሶ ከማንጸባረቅ በቀር የራሱ ብርሃን የለውም። ማታ አልጋ ላይ ሆነው የሚያዩት ጨለም ያለ ፎቶ ደምቆ የሚታየው ዙሪያው ስለጨለመ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ጉዞው ሳይጀመር ነው። ስልኩ ወይም ካሜራው የስክሪኑን ድምቀት ራሱ የሚቀያይርበትን አማራጭ ያጥፉና ድምቀቱን መካከለኛው ላይ ያቁሙት። ስልኩ ቀለም የሚያደምቅ አማራጭ ካለው ወደ ተፈጥሯዊው ይመልሱት። ከዚያ እዚያው ሰፈር ይሞክሩ፤ አቃቂ ለዚህ የተመቸች ናት። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ውኃ፣ ነጸብራቅ፣ እምቦጭና ከሩቅ የሚታዩ ወፎች አሉት። የፋብሪካ አጥርና ግድግዳ፣ አቧራ፣ ነጭ የለበሰ ምእመን፣ የሚሮጥ ሚኒባስ፣ ሁሉም በቅርብ ይገኛል። አንዱን ቦታ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ሦስት ጊዜ አንሥተው ፎቶ ቤት ያሳጥቡ፤ ሲሰጡም ምንም ማስተካከያ እንዳይጨመርበት ይንገሩ። የታጠበውን ከስክሪኑ ጎን አስቀምጠው ሲያወዳድሩ የእርስዎ ስክሪን ምን ያህል እንደሚያጋንን ይታወቃል፤ ከወረቀቱ እኩል እስኪመስልም ድምቀቱን ዝቅ ያድርጉት። ለሦስት ፎቶ የሚከፈለው ገንዘብ ለሙሉ ጉዞ ከሚጠፋው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ይህ ሙከራ ስለ ብርሃን የሚያስተምረው ከሁሉ ይበልጣል። አቃቂ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ወቅት ብዙ አትዘምም። በ6 ሰዓት የተነሣ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ ከአፍንጫው በታች ጥቁር ጥላ ይወርዳል። ዓይናችን ይህን ልዩነት አቻችሎ ያያል፤ ካሜራና ወረቀት ግን አይችሉም። እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ የግድግዳውን ሸካራነት፣ የእርሻውን ትልም፣ የፊትን ቅርጽ ያወጣል። ጉዞው እኩለ ቀን ላይ ከጣለዎት ሰውን በረንዳ ወይም ዛፍ ጥላ ሥር ያቁሙ፤ ሰማዩን ከፎቶው ያስወጡት።

ቦታው ላይ ሲደርሱ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ብዙ ጭጋጋማ ፎቶ የጣት ቅባት ነው። ከዚያ ወደሚያነሡት ነገር ይቅረቡ፤ የዝቋላው ስሌት የሚለው ይህንኑ ነው። መቅረብ ካልተቻለና ስልኩ ሁለተኛ የማቅረቢያ ሌንስ ካለው እሱን ይጠቀሙ። በጣት እየተዘረጋ የሚቀርበው ዙም ግን ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ፎቶውን መቁረጥ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ያሳምረዋል፣ ወረቀቱ ያጋልጠዋል። ወይም ተራራውን ዳራ አድርገው ፊት ለፊት ትርጉም ያለው ነገር ያስገቡ፤ የጤፍ ማሳ፣ በቅሎ፣ ወደ ዝቋላ አቦ ገዳም የሚወጣ ተጓዥ።

ነጭ ልብስ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ መቆየት ያስፈልጋል፤ የእኛ አገር የጉዞ ፎቶ ግማሹ ነጠላ ነው። ካሜራ የሚያየው ትዕይንት በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ጥምቀት ላይ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ፊቱ ሲመጣበት ‘ብርሃን በዛ’ ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ይብሱን ይጠቁራል። የፎቶ ቴክኖሎጂ ጠይም ፊትን በጎን ሲያይ የቆየ ነው፤ በፊልም ዘመን ብዙ የውጭ አገር ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት በአንዲት ነጭ ሴት ምስል ካርድ ነበር። ስለዚህ ኃላፊነቱ በእጃችን ነው። ስልክ ከሆነ ፊቱን ይንኩና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ጥቂት ወደ ላይ ይግፏት፤ ካሜራ ከሆነ የብርሃን ማስተካከያውን ከ0.7 እስከ 1 ይጨምሩ። ከልክ ካለፈ ግን የነጠላው ሽመናና ጥለቱ ተቃጥሎ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ የተቃጠለን ነጭ ቤት ከደረሱ በኋላ መመለስ አይቻልም። ፊቱ እስኪታይ ይጨምሩ፣ ጥለቱ መጥፋት ሲጀምር ያቁሙ።

ካነሡ በኋላ ፎቶውን በሙሉ ከማየት ይልቅ ሁለት ምስክር ይጥሩ። አንደኛው ማጉላት ነው፦ የሰውየውን ዓይን እስከ መጨረሻው አጉልተው ይዩ፤ ሽፋሽፍቱ ካልተለየ ፎቶው ደብዝዟል፣ ደግመው ያንሡ። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በአዳማ ፈጣን መንገድ ከሚበር አውቶቡስ መስኮት የተነሣ ፎቶ አብዛኛው እዚህ ላይ ይወድቃል። የመዝጊያውን ፍጥነት ማስተካከል የሚቻልበት ካሜራ ካለዎት የሰከንድ አንድ ሺህኛ አካባቢ ያድርጉት። ሁለተኛው የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ሂስቶግራም የሚባለው ሥዕል ነው፤ ብዙ ካሜራዎችና አንዳንድ የስልክ መተግበሪያዎች ያሳያሉ። ግራው ጨለማ፣ ቀኙ ብርሃን ነው። ጉብታው የቀኙን ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ ነጩ ተቃጥሏል፤ የግራውን ከተደገፈ ጥቁሩ ተደፍኗል። ይህ ሥዕል በፀሐይም በጨለማም ያው ነው፤ እንደ ስክሪኑ አያባብልም።

በዚህ ሁሉ መነካካት ጉዞው ራሱ አይበላሽም ወይ የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ሊንዳ ሄንክል የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪ በ2014 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመችው ጥናት፣ ሙዚየም ውስጥ ዕቃዎችን ፎቶ እያነሡ ያለፉ ሰዎች በዓይን ብቻ ካዩት ያነሰ አስታውሰዋል። ነገር ግን ወደ አንድ የዕቃው ክፍል አቅርበው ያነሡት ሰዎች ትዝታ አልተጎዳም። ይህ የሚመክረው ፎቶ መተውን ሳይሆን መቀነስን ነው፤ አርባ ጊዜ ከመጫን ይልቅ አንዱን ነገር መርጦ፣ ቀርቦ፣ አስተውሎ ማንሣትን። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሡት የቦያጂያን ቤተሰቦች የሚያባብላቸው ስክሪን አልነበራቸውም፤ ብርሃኑን መመዘን የነበረባቸው ከመጫናቸው በፊት ነው። አዲስ ስልክ መግዛት ይሻላል ለሚለውም፣ አዲሱ ስልክ ብዙ ፎቶ በአንዴ አንሥቶ ማዋሐዱ ጥላንና ብርሃንን በማቻቻል በእውነት ይረዳል፤ ስክሪኑም ግን ከአሮጌው ይልቅ የደመቀ ስለሆነ በስክሪኑና በወረቀቱ መሀል ያለውን ልዩነት ያሰፋዋል።

ከጉዞ ሲመለሱ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር በገመድ ወይም በሜሞሪ ካርድ ያስተላልፉ። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው አሠራሩ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1,280 ፒክሰል ያወርደዋል፤ መላክ ግድ ከሆነ እንደ ፋይል ይላኩት። ጥሩ እጥበት ለአንድ ሳንቲ ሜትር 120 ያህል ፒክሰል ይፈልጋል፦ 10 በ15 ለሆነ ፎቶ 1,200 በ1,800፣ 20 በ30 ለሆነው 2,400 በ3,600። በቴሌግራም የመጣው 1,280 ለትንሹ ይንገዳገዳል፣ ለትልቁ ጨርሶ አይበቃም።

ከመምረጥዎ በፊት ጥቂት ቀን ይጠብቁ፤ የቦታው ስሜት ሲበርድ ፎቶው ብቻውን ይታያል። መካከለኛ ብርሃን ባለው ክፍል፣ ለሙከራው ባስተካከሉት ድምቀት ይዩ። ከዚያ ያስተካክሉ። ማስተካከል መዋሸት ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ካሜራው ራሱ ቀለሙን፣ ንጣቱንና ጥራቱን መርጦ ነው ምስሉን የሚያስረክበን። የእርሱን ግምት በእኛ ምስክርነት መተካት፣ ፊቱን ማብራት፣ ባዶውን ሰማይ መቁረጥ፣ የበጋ አቧራ ያደበዘዘውን ተራራ ንጽጽሩን ጥቂት ከፍ ማድረግ ከቦታው እውነት አያርቅም። ያልነበረ ደመና መጨመር ግን ያርቃል። ሲጨርሱ አምስት ብቻ በ10 በ15 ያሳጥቡ፤ ለአንድ ሳምንት ግድግዳ ላይ ይለጥፉና በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልሰለቸዎትን አንዱን በ20 በ30 ያሠሩት።