ለደስታ እናንብብ

በጅቡቲ ከተማ የሚያድጉ ልጆቻችን በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ቋንቋ ይሰማሉ፤ በሰፈር ሶማሊኛና አፋርኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ፣ በቤት ደግሞ አማርኛ። አማርኛን አቀላጥፈው እየተናገሩ፣ መጽሐፍ ሲሰጣቸው ፊደል በፊደል እየለቀሙ የሚያነቡ ግን ጥቂት አይደሉም። እንዲህ የሚያነብ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል፤ ታሪኩም አይጥመውም። ስለማይጥመው አያነብም፤ ስለማያነብም አይፈጥንም። ይህን አዙሪት የሚሰብረው ደስታ ነው ብለን እናምናለን።

ደስታው በጆሮ ሊጀምር ይችላል። የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ሳይቀሩ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ በጉጉት ተከታትለዋል።

ፈረንሳዊው ደራሲና መምህር ዳንኤል ፔናክም በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአንባቢን አሥር መብቶች ዘርዝሯል። ገጽ መዝለል፣ የጀመሩትን አለመጨረስ፣ የወደዱትን ደግሞ ማንበብ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ከእነዚህ ይገኙበታል። ለእኛ ለመምህራንና ለወላጆች የሚከብደን አለመጨረሱ ነው። ሆኖም ያልጣመውን መጽሐፍ በግድ የጨረሰ ልጅ ሁለተኛውን ለመጀመር አይቸኩልም።

ውድ ወላጆች፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሁላችንንም ቤት ውስጥ በሚያስቀምጠን ጊዜ 15 ደቂቃ ይበቃል። ጥቂት ገጾች ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ልጁም አጠገባችሁ ሆኖ በዓይኑ ይከተል። ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ስትደርሱ አቁሙና መጽሐፉን እዚያው ተዉት። “ምን ተማርክበት?” ብላችሁ አትጠይቁ። ስለ እግር ኳስ ወይም ስለ ስለላ የሚያወራ መጽሐፍ ቢመርጥ አትናቁበት። ማንበብ የማይችል የቤተሰብ አባል ካለ ደግሞ ልጁ ያንብብለት፤ አድማጭ ያገኘ ልጅ ለማንበብ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

እናንተ ተማሪዎች ሆይ፣ በመጪው የዕረፍት ወራት መጻሕፍት ተዋዋሱ። 30 ገጽ አንብባችሁ ካልጣማችሁ መልሱና ሌላ ውሰዱ። ከጣማችሁ ግን ለእኛ ሪፖርት አትጻፉልን፤ ለጓደኛችሁ ንገሩት።