ምዕራፍ 9፦ እየተመላለሰ የሚያስቸግር ጨጓራ፤ ባክቴሪያውን መለየት፣ ማከምና መጥፋቱን ማረጋገጥ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ «የጨጓራ መድኃኒት ስጡኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ኦሜፕራዞል ይዞ ይወጣል። ማቃጠሉ በጥቂት ቀናት ይበርድለታል፤ እንክብሉ ሲያልቅ ግን ሕመሙ ይመለሳል። እንዲህ ሲል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። እየተመላለሰ የሚያሠቃይ ጨጓራ በማስታገሻ ብቻ መባበል የለበትም። መንስኤው በተገቢው ምርመራ ይለይ፤ ባክቴሪያ ከሆነ በሙሉ መጠን ይታከም፤ ከዚያም መጥፋቱ በምርመራ ይረጋገጥ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ ባጭሩ ኤች ፓይሎሪ ይባላል። የጨጓራ አሲድ አብዛኛውን ጀርም ይገድላል፤ ይህኛው ግን ዩሪያን ሰባብሮ አሞኒያ በማመንጨት በዙሪያው ያለውን አሲድ ያለዝባል፤ ከዚያም ከጨጓራ ግድግዳ ልፋጭ ሥር ይጠለላል። ከሰው ጋር የኖረው ከጥንት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት ከ58,000 ዓመታት ገደማ በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ከተነሡ ሰዎች ጋር አብሮ ወደ ዓለም መሰራጨቱን አመልክቷል። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ላይ ተገኝቷል። አብዛኛው ተሸካሚ ምንም አይሰማውም። በአንዳንዱ ግን ጨጓራን ወይም የትንሹን አንጀት መነሻ ያቆስላል፤ በጥቂቶች ላይ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ለጨጓራ ካንሰር ይዳርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ድሮ ለጨጓራ ቁስለት የሚወቀሱት ጭንቀትና ቅመም ነበሩ። አውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ይህን እምነት የቀየሩት የፋሲካ በዓል አግዟቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ከሕመምተኞች ጨጓራ የወሰዱት ናሙና በተለመደው ሁለት ቀን አልበቅል እያለ ሲያስቸግራቸው፣ በበዓሉ ምክንያት ለቀናት ሳይነካ የቆየው ብልቃጥ ባክቴሪያውን አብቅሎ ተገኘ። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ በምርመራ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ስለዚህ ሚጥሚጣው የታመመ ጨጓራን ቢያቃጥልም የበሽታው ሥር እሱ አይደለም፤ ሽሮ አልጫ ብቻ መብላትም ባክቴሪያውን አያጠፋም።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው። በየክሊኒኩ በርካሽ የሚሠራው የደም ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን በባክቴሪያው ላይ ያመረተውን ፀረ አካል ነው። ይህ ፀረ አካል ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ድኖ የተመረመረ ሰው እንደገና «ፖዘቲቭ» ይባላል፤ እንደገና መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። ሰው ለሌለ በሽታ ያን ሁሉ አንቲባዮቲክ ሲውጥ ማየት ያሳዝናል።

የሚሻለው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው፤ አሁን ያለውን ባክቴሪያ ያሳያል። ነገር ግን አሜባና ጃርዲያ በማይክሮስኮፕ ከሚታይበት ከተለመደው የሰገራ ምርመራ ይለያል። ወረቀቱ ላይ «የኤች ፓይሎሪ አንቲጅን» ተብሎ መጻፉን ያረጋግጡ። የትንፋሽ ምርመራም እኩል አስተማማኝ ነው፤ እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው ችግሩ። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹን ለሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለአራት ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው ቁጥሩ ስለሚቀንስ እያለ የለም ሊባል ይችላል። ማቆም የሚቻል መሆኑን ግን አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ ወይም የደም ማነስ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ጊዜ ሳያጠፉ ኢንዶስኮፒ ወደሚሠራበት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ማዘውተርም ጨጓራን ስለሚያቆስል ለሐኪሙ ይንገሩ።

ባክቴሪያው ከተገኘ፣ በሰፊው የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ አሞክሲሲሊን 1 ግራምና ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም፣ ሦስቱም በቀን ሁለት ጊዜ ለ14 ቀናት ነው። ኦሜፕራዞሉ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይዋጣል። ፔኒሲሊን የማይስማማዎት ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ አሞክሲሲሊን ከዚያው ወገን ነው። አፍ ይመራል፣ ሆድም ሊለቅ ይችላል። በአምስተኛው ቀን ማቃጠሉ ስለተወ ማቆም ግን መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ማሳደግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ክላሪትሮማይሲንን የተላመደውን ኤች ፓይሎሪ አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ከሚያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች መካከል ያስገባው ያለ ነገር አይደለም።

ከየካ ወደ እንጦጦ ወጥተው ጠበል የሚጠጡ የጨጓራ ሕመምተኞች ብዙ ናቸው። ጠበሉንም መድኃኒቱንም መያዝ ይቻላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ጥንቃቄው ሌላ ነው፦ ጠበል ጠጥተው የሚያስመልሱ ከሆነ መድኃኒቱ አብሮ እንዳይወጣ ሰዓቱን ያራርቁ። በጾም ወቅት ደግሞ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ የጠዋቱ መጠን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ከተገፋ የማታው መሄጃ ያጣል።

ባክቴሪያው የሚተላለፈው በአብዛኛው በልጅነት፣ በቤተሰብ ውስጥ፣ በትውከት፣ በምራቅና በሰገራ በተበከለ ነገር ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የጄሪካኑ ንጽሕና፣ ከመጸዳጃ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ለሕፃን ምግብ አኝኮ አለማጉረስ ዋጋ አላቸው። ከቤተሰቡ ሕመም ያለበት ሰው ካለም ይመርመር።

መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ ሁለት ሳምንት ሲሞላ፣ የሰገራ አንቲጅኑን ይድገሙ፤ የደሙን አይደለም። ውጤቱ አሁንም ፖዘቲቭ ከሆነ ያንኑ ማዘዣ መድገም አይጠቅምም። ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ከኦሜፕራዞል ጋር ተጣምረው የሚሰጡበት ሕክምና አለ፤ በዚያን ጊዜ ጠላና አረቄ አይቀመሱም፤ በቢስመዙ ምክንያት ሰገራ ቢጠቁርም አያስፈራም። ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ ከዚህ በፊት የወሰዷቸውን አንቲባዮቲኮች ስም፣ ለስንት ቀን እንደወሰዱና የት ላይ እንዳቋረጡ ጽፈው ይያዙ፤ ቀጣዩ መድኃኒት የሚመረጠው ያንን ተመልክቶ ነው።