ስለ ኳስ ተጫዋች ትንሽ ሮቦት፤ ሴንሰርና መቈጣጠሪያ እንዴት እንደሚመረጥ

ሮቦት ማለት በሰው እጅ ሳይነዳ፥ አስቀድሞ በተጻፈለት ትእዛዝ የሚሠራ መኪና ነው። የሮቦቶች የእግር ኳስ ውድድር ሮቦካፕ ይባላል፤ መዠመሪያ የተደረገውም በ1989 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1997) በዣፓን አገር በናጎያ ከተማ ነው። ለተማሪዎችም ሮቦካፕ ጁኒየር የሚባል ክፍል አለው። ልጆች በዚህ ጨዋታ የብርሃንን፥ የድምፅንና የማግኔትን ጠባይ በሥራ ይማራሉ።

ነገር ግን ዕቃው በወላጆች መዋጮ ሲገዛ ስሕተቱ ይከብዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ አስቀድሞ መቈጣጠሪያውን የገዛ ሰው ሴንሰሮቹ አልበቃ ሲሉት ዳግመኛ ይገዛል። ስለዚህ ሥርዐቱ እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ሥራውን መዘርዘር፥ ቀጥሎ ሴንሰሩን መምረጥ፥ ከዚያም ሽቦውን መቍጠር፥ በመጨረሻ መቈጣጠሪያውን መግዛት።

1ኛ። ስለ ሴንሰር።

ሴንሰር ለሮቦት እንደ ዐይንና እንደ ዦሮ ነው። ተጫዋቹም አራት ነገር ማወቅ ያስፈልገዋል።

ሀ) ኳሱ ወዴት እንዳለ። አንዱ ዐይነት ኳስ ለሰው ዐይን የማይታይ ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን ይሰጣል። ፀሓይም ይህንኑ ብርሃን ስለምትሰጥ፥ እንዳይምታታ የኳሱ ብርሃን በሰከንድ 40,000 ጊዜ እየበራ እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ ተቀባዩ ሴንሰር ለዚሁ ልክ የተሠራ መኾን አለበት። ኳሱ ብርሃን የሌለው ብርቱካን መልክ ከኾነ ግን ካሜራ ያስፈልጋል።

ለ) የሜዳው ወሰን የት እንደ ኾነ። ነጩ መሥመር ብርሃን ይመልሳል፤ አረንጓዴው ምንጣፍ ግን አብዛኛውን ይውጣል። በኹለቱ ላይ ለክቶ መካከለኛውን ቍጥር ለወሰን መያዝ ነው። የቤቱ ብርሃን ሲለወጥ ልኬቱ እንደ ገና ይደረጋል።

ሐ) የባላጋራው ግብ በየት እንደ ኾነ። ይህን ኮምፓስ ያሳያል። ዳሩ ግን በሞተር ውስጥ ማግኔት ስላለ፥ ኮምፓሱ ከሞተሩና ከብረት ርቆ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

መ) ከፊቱ ምን እንደ ቆመ። የአልትራሳውንድ ሴንሰር ለሰው ዦሮ የማይሰማ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሄዶ ለመመለስ ከሰከንድ ሺሕ ክፍል 6ቱን ቢፈጅ፥ የተጓዘው 2 ሜትር ያህል ነው፤ ርቀቱም ግማሹ፥ 1 ሜትር ያህል ይኾናል።

2ኛ። ስለ መቈጣጠሪያ።

አኹን ሽቦውን እንቍጠር። ለኳሱ 8 ተቀባይ 8፥ ለወሰኑ 4 ሴንሰር 4፥ ለኮምፓሱ 2፥ ለኹለት አልትራሳውንድ 4፥ ለኹለት ሞተር 6፤ ድምሩ 24። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው መቈጣጠሪያ 14 የዲጂታልና 6 የአናሎግ፥ በጠቅላላው 20 መግቢያ ብቻ ስላለው አይበቃም። አርዱዊኖ ሜጋ 2560 ግን 54ና 16፥ በጠቅላላው 70 ስላለው ይበቃል፤ ይተርፋልም። ካሜራ የሚይዝ ሮቦት ሥዕልን ለመመርመር ብርቱ ስለሚያስፈልገው፥ ራስበሪ ፓይን የመሰለ ትንሽ ኮምፕዩተር ይጨመርለታል።

ኹለት ነገር ይጠበቅ። ሞተር ከመቈጣጠሪያው ጋራ በቀጥታ አይገናኝ፤ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ያቃጥለዋልና፥ በመካከል የሞተር ድራይቨር ይግባ። ደግሞም የ5 ቮልት ሴንሰር ምልክት 3.3 ቮልት ብቻ ወደሚችል መቈጣጠሪያ፥ ኀይሉ ሳይቀነስ አይግባ።

3ኛ። ለመምህራንና ለሽማግሌዎች።

ገንዘቡ ሳይወጣ ተማሪዎቹ የሽቦውን ቍጥር በወረቀት ጽፈው ያሳዩ። ዕቃውም ሲመጣ እያንዳንዱ ሴንሰር ለብቻው ይፈተን፤ ኹሉ ባንድነት ከተገጠመ በኋላ ጕድለቱ ከየት እንደ መጣ ለመለየት ያስቸግራልና።

ጥያቄ።
1. መቈጣጠሪያው በመጨረሻ የሚገዛው ስለ ምንድር ነው?
2. ኮምፓስ ከሞተር አጠገብ ቢቀመጥ ምን ይኾናል?
3. ሮቦቱ 4 ሞተር ቢኖረው፥ ለያንዳንዱም 3 ሽቦ ቢያስፈልግ፥ ድምሩ ስንት ይኾናል?