ለትንሽ የኢንተርኔት አቅራቢ የራውቲንግ ሶፍትዌር አመራረጥ

በትክል ድንጋዮቿ በምትታወቀው ጥያ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለእንግዳ ማረፊያና ለሱቆች ኢንተርኔት ለማከፋፈል አስበዋል እንበል። ዋናው መስመር ከቡታጅራ በቡኢ በኩል በሬዲዮ ወይም በፋይበር ይመጣል። ደንበኞቹ ጥቂት መቶ ናቸው። መብራት ይጠፋል። ቴክኒሻኑ አንድ ብቻ ነው፤ ምናልባትም ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የተመረቀ ወጣት። ለእንዲህ ያለ ድርጅት በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በውጭ ምንዛሪ ከሚገዛ ውድ ራውተር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። መመዘኛው ግን አንድ ነው፦ ሌሊት ሲበላሽ እዚያው ያለው ሰው ሊያነሳው ይችላል ወይ?

ከሁሉ በፊት ፈቃድ ያውጡ። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የቴሌኮም አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። የትኛው የፈቃድ ዓይነት እንደሚመለከትዎ ከባለሥልጣኑ ያረጋግጡ፤ ዕቃ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ መስመርዎን ይቁጠሩ። ከላይ የሚመጣው መስመር አንድ ከሆነ ኔትወርኮች ራውት የሚለዋወጡበት ቢጂፒ የሚባለው ፕሮቶኮል አያስፈልግም። አንድ ዲፎልት ራውት፣ ናት (አንድን አይፒ ለብዙዎች የሚያካፍለው ዘዴ) እና የእያንዳንዱን ደንበኛ ፍጥነት የሚወስን ደንብ ይበቃል። ኦፒኤንሴንስ የሚባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ይህን ሁሉ ከብራውዘር በሚከፈት ገጽ ያሠራል፤ ለአንድ መስመር ከዚህ በላይ መሄድ ድካም ማብዛት ነው። ለደንበኞች ውስጣዊ አድራሻ ከ100.64.0.0/10 ይውሰዱ፤ ይህ ክልል አቅራቢዎች አንድን አይፒ ለብዙ ደንበኛ ሲያካፍሉ እንዲጠቀሙበት የተለየ ስለሆነ በደንበኛው ቤት ካለው ከ192.168 አድራሻ ጋር አይጋጭም።

ሁለት መስመር ሲኖር ነገሩ ይለወጣል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ እስኪጀምር ድረስ በአገራችን ሁለተኛ የቴሌኮም ኦፕሬተር አልነበረም፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ ለብዙ ባለሙያ አዲስ ነው። ከሁለት ኩባንያ መስመር ማግኘት ከቻሉ ከአፍሪካ የኢንተርኔት አድራሻ መዝገብ ከአፍሪኒክ የራስዎን ኤኤስ ቁጥር (የኔትወርክዎን መለያ) እና የአይፒ አድራሻ ወስደው ለሁለቱም በቢጂፒ ያስታውቁ። አለዚያ አንዱ መስመር ሲጠፋ በእሱ አይፒ የተከፈተው ሁሉ ይቋረጣል።

ለቢጂፒ በቁም ነገር የሚታዩት ሦስት ናቸው። በርድ በፕራግ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ሲዜድ ኒክ የሚለማ ሲሆን፣ ትላልቅ የኢንተርኔት መለዋወጫ ማዕከላት ይተማመኑበታል። ፈጣን ነው፤ ሜሞሪም ይቆጥባል። የማጣሪያ ቋንቋው ግን የራሱ ስለሆነ ፕሮግራም መጻፍ ለለመደ ሰው ይመቻል። በ2013 እ.ኤ.አ. ቪያታ ከሚባለው ሶፍትዌር የወጣው ቪዮኤስ ሙሉ ስርዓተ ክወና ነው፤ ቢጂፒን የሚያሠራለት ቀጥሎ የምናየው ኤፍአርአር ነው፤ ደንበኞች በስምና በይለፍ ቃል የሚገቡበት የፒፒፒኦኢ ሰርቨርም አብሮት ይመጣል። የተረጋጋው ሥሪት ተዘጋጅቶ የሚገኘው በክፍያ ሲሆን በነጻ የሚወርደው በየጊዜው የሚለዋወጠው ነው። ሦስተኛው ራሱ ኤፍአርአር ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ኳጋ ከሚባለው የራውቲንግ ሶፍትዌር ተገንጥሎ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር የሚለማ ነው። ትእዛዞቹ ከሲስኮ ጋር በእጅጉ ስለሚመሳሰሉ ሲሲኤንኤ የሚባለውን የሲስኮ ኮርስ የተማረ ልጅ የመጀመሪያውን ቀን ግራ ሳይጋባ ይውላል። ለጥያ ዓይነት ከተማ የእኔ ምርጫ ኤፍአርአር በዴቢያን ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቴክኒሻኑ ሥራ ቢለቅ የሚተካውን ሰው ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ ላይ ማግኘት ይቀላል።

አሁን ወደ ሙከራው። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ጎን ለጎን አስቀምጠው አንዱን እርስዎ፣ ሌላውን አቅራቢዎ ያድርጉት። ኤፍአርአርን ሲጭኑ ዴሞንስ በሚባለው ፋይል ውስጥ የቢጂፒው መስመር “ኖ” ሆኖ ይመጣል፤ ወደ “የስ” ይቀይሩትና ያስነሱት። የሊኑክሱን የአይፒ ማስተላለፊያም ይክፈቱ፤ ከተዘጋ ራውቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ፓኬት አያልፍም። ከዚያ ሁለቱን ያገናኙ። ብዙ ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፦ ግንኙነቱ ይቆማል፣ ራውት ግን አይገባም አይወጣም፤ በማጠቃለያው ሠንጠረዥ ላይ ቁጥር መታየት ባለበት ቦታ በቅንፍ “ፖሊሲ” የሚል ቃል ይታያል። ብልሽት አይደለም። አዳዲሶቹ የኤፍአርአር ሥሪቶች ምን እንደሚቀበሉና ምን እንደሚልኩ በግልጽ ካልጻፉ ከውጭ ኤኤስ ጋር ምንም አይለዋወጡም።

ይህን ጥበቃ የሚያጠፋ ትእዛዝ አለ። እባክዎ አያጥፉት፤ ያልተጣራ ራውት ሾልኮ ሲወጣ ምን እንደሚያደርስ ታይቷል። በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ ለመዝጋት ያወጣው ራውት ወደ ውጭ ሾልኮ ዩቲዩብን በዓለም ዙሪያ ለሰዓታት አቋርጦታል። ማጣሪያዎ ሁለት ነገር ብቻ ይበል፦ ወደ ውጭ የራሴ አድራሻ ብቻ ይውጣ፤ ከውጭ ዲፎልት ራውት ብቻ ይግባ። የዓለም ሙሉ የአይፒቪ4 ሠንጠረዥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ራውት ነው፤ ለጥቂት መቶ ደንበኛ አያስፈልግም። አቅራቢዎ ዲፎልት ብቻ እንዲልክልዎ በውሉ ላይ ያስገቡት።

የሬዲዮ መስመር ካለዎት የጎረቤትን መሞት በፍጥነት የሚለየውን ቢኤፍዲ የሚባል ፕሮቶኮል ያብሩ። የኤፍአርአር ቢጂፒ ጎረቤቱ መሞቱን የሚያምነው 180 ሴኮንድ ጠብቆ ነው፤ ሬዲዮው መብራቱ እየበራ ከማዶ ያለው ማማ ቢሞት ደንበኛዎ ሦስት ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ይቆያል። ቢኤፍዲ ይህን ከአንድ ሴኮንድ በታች ያወርደዋል። በአቅራቢው በኩልም መከፈት ስላለበት አስቀድመው ይነጋገሩ።

በመጨረሻ ኮንፊገሬሽኑን በፍላሽና በሌላ ኮምፒውተር ያስቀምጡ፤ ያው ዓይነት ሁለተኛ ማሽንም ተጭኖ ይዘጋጅ። ከዚያ ለቴክኒሻኑ ሳይነግሩት የዋናውን ማሽን ዲስክ ነቅለው ባዶ ዲስክና ፍላሹን ብቻ ይስጡት። ለማንም ሳይደውል ኔትወርኩን መልሶ ካላስነሳ የመጀመሪያውን ደንበኛ አያገናኙ።