ለእጁ ቅባት ፈልጎ የመጣው ሰው

ወረታ ላይ አንድ ሩዝ ነጋዴ «ዶክተር፣ ለእጄ ቅባት ይዘዙልኝ» ብሎ መጣ። እጁን የሰነጣጠቀው መታጠብ ነው። ብር በነካ ቁጥር ደጋግሞ ይታጠባል፤ እንደማያስፈልግ እያወቀ ማቆም አልቻለም። አፍሮም ለዓመታት ደብቆታል።

ይህ ኦሲዲ ይባላል። እብደት አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም። መታጠቡ ጭንቀቱን ለጊዜው ያስታግሳል፤ አእምሮ ግን «የዳንኩት ስለታጠብኩ ነው» ብሎ ስለሚማር ፍርሃቱ ይመለሳል።

በንግግር ህክምናው ከባለሙያ ጋር ከቀላሉ ይጀመራል፦ ብር ነክቶ፣ ሳይታጠቡ፣ ጭንቀቱ በራሱ እስኪበርድ መቆየት። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒትም ይረዳል፤ ለውጡ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

ሐሳቡና ድግግሞሹ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ከወሰደባችሁ ለሐኪም ንገሩ። ባሕር ዳርም ጎንደርም የአእምሮ ህክምና አለ። «በዚህ እድሜዬ?» አትበሉ፤ አልረፈደም።