መተላለፊያው የማን ነው?

ወገኖቼ፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ባልንጀራ ነው፤ የምንማረውም በአውሮፕላን መተላለፊያ ላይ ነው።

ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱ አንዲት እናት አስቡ። 23ኛው ረድፍ ደርሰዋል። በእጅ ሻንጣቸው በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ተጠቅጥቆበታል። ቀና ሲሉ ማስቀመጫው ሞልቷል። አንድ ወጣት ተነሥቶ ሊረዳቸው ይሞክራል፤ ሻንጣውን ያጋድመዋል፣ ይገፋዋል፣ እንቢ ሲለው አውርዶ ያዞረዋል። መተላለፊያው የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነውና ከኋላቸው እስከ በሩ ድረስ ሕዝቡ ቆሟል። ልጅ ያቀፈችም አለች።

እኚህ እናት ክፉ አይደሉም። ይህን አጥብቀን እንያዝ፤ ምክንያቱም ክፋት ሳይኖርም ባልንጀራን ማስቸገር አለ። ያልታየንን ሰው ነው የምናስቸግረው።

ጀሰን ስቴፈን የተባለ አሜሪካዊ የጠፈር ሳይንስ ተመራማሪ ይህን መዘግየት በኮምፒውተር አስልቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናቱን አሳተመ። በኋላም 72 ሰዎችን ሻንጣ አስይዞ ፈተነው። ረድፎችን በቡድን ከፋፍሎ ማሳፈር ወደ 7 ደቂቃ ወሰደ። ሰው እንደመጣ ሲገባ ግን 5 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ይገርማል፤ ሥርዓት የመሰለን ነገር አዘገየ! ጎረቤታሞች አብረው ሲገቡ በአንድ ቦታ ይጨናነቃሉ፤ አንዱ ሻንጣ ሲሰቅል ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ተራርቀው ሲገቡ ብዙዎች በአንድ ጊዜ ይሰቅላሉ። ከሁሉም የፈጠነው የስቴፈን የራሱ ዘዴ ነበር፤ በመስኮት በኩል የሚቀመጡትን አንድ ረድፍ እየዘለለ አስቀድሞ ያስገባል፤ 3 ደቂቃ ተኩል ገደማ በቃው።

እኛ የመሳፈሪያ ጥሪውን ተራ አንወስንም። በእጃችን ያለው ሻንጣችን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ መንገደኛ የሚፈቅደው አንድ የእጅ ሻንጣ፣ 7 ኪሎ ነው። በርበሬውና ሽሮው ከሚጫነው ሻንጣ ይግቡ። በእጃችን የሚቀረው ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ስልክ፣ የልጅ ምግብ ነው። ፓወር ባንክም ከእኛ ጋር ይሁን፤ ባትሪው እሳት ቢያስነሣ አስተናጋጆቹ ደርሰው ያጠፉታል፣ ከታች ከዕቃ ጋር ሆኖ ቢነድ ግን ማን ይደርስለታል? ቦታ ሞልቶ ሻንጣችሁን በር ላይ ከተቀበሏችሁም፣ ሳትሰጡ በፊት እነዚህን አውጡ። መድኃኒቱን ረስቶ ሰጥቶ ሌሊቱን ሙሉ የተጨነቀ ሰው አጠገብ ተቀምጬ አውቃለሁ።

መተላለፊያው ለመግቢያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሐኔዳ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነደደ። ውስጡ 379 ሰዎች ነበሩ። አስተናጋጆቹ ዕቃ እንዳይነካ አዘዙ፤ መንገደኞቹም ሻንጣቸውን ከላይ ትተው በመተላለፊያው ተከታትለው ወጡ። 379ኙም ተረፉ።