መንገዱን በመኪና ወይስ በሰው እንቁጠረው?

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በኦሎምፒያና በወሎ ሰፈር በኩል ቦሌ የሚደርሰው አስፋልት ለእኔ ጥቁር ሰሌዳ ነው። የከተማ መንገድ እንዴት እንደሚሠራም እንዴት እንደሚበላሽም እዚያ ላይ ማሳየት ይቻላል። በ2000ዎቹ ማሳለጫ ተሠርቶለት ሲሰፋ ሐሳቡ ሁሉ መኪናው እንዲሮጥ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ የብስክሌት መስመርም ተጨመረለት። ሥራው ግን ድንጋይ በማንጠፍ አያበቃም።

ቆጠራው

«መንገዱ ተጨናነቀ» የምንለው መኪና ቆጥረን ነው። እስቲ ሰው እንቁጠር። የመንገድ ንድፍ ባለሙያዎች በሚሠሩበት ግምት፣ ሦስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ ረድፍ የቤት መኪና ሲነዳበት በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው ረድፍ ለአውቶቡስ ብቻ ቢተውና አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ቢመጣ ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ያደርሳል። በእግር ቢሄዱበት ወደ 9,000 ይጠጋል። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር መሆኑን ስናስብ፣ አስፋልቱን እስከዛሬ ለማን እንዳከፋፈልነው ይታያል።

ፌርማታና ዜብራ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ነውና። ፌርማታው ከዜብራው በፊት ከሆነ፣ የቆመው አውቶቡስ ከፊቱ የሚሻገረውን ሰው በሁለተኛው ረድፍ ከሚመጣው ሾፌር ይሸፍነዋል። ሾፌሩ እግረኛውን የሚያየው ፍሬን በማይደርስበት ርቀት ላይ ነው። ፌርማታው ዜብራውን አልፎ ቢደረግ ግን ወራጁ ከአውቶቡሱ ኋላ ይሻገራል፤ እርሱም ያያል፣ እርሱንም ያዩታል። ለውጡ ጥቂት አሥር ሜትሮች ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ጤነኛ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል ይራመዳል። 24 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለመሻገር 20 ሰከንድ ይፈልጋል ማለት ነው። ልጅ ያዘሉ እናት፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። መሐሉ ላይ ሁለት ሜትር የምትሆን ከፍ ያለች ማረፊያ ብትኖር መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰውም አንዱን አቅጣጫ ብቻ እያየ ይሻገራል። መሸጋገሪያ ድልድይ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በቀለበት መንገዱ ድልድዩን ትቶ የመሐሉን ግንብ ዘሎ የሚሻገረውን ሰው ሰነፍ ነው ብለን የምንቆጣው፣ ያን ሁሉ ደረጃ ሸክም ይዘን ወጥተን ስለማናውቅ ነው።

ሚኒባሱስ? ለመጫኛና ለማውረጃ ተብሎ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቦታ ይሠራለታል። አንድ ክረምት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ «ወራጅ አለ!» ብዬ ስወርድ ራሴን ያገኘሁት በሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ታክሲው መግባት የነበረበት ቦታ ላይ የቤት መኪና ተቆልፎ ቆሟል። ረዳቱን መሳደብ ቀላል ነበር፤ ግን የት ያውርደኝ?

ፓርኪንግ

ስለዚህ የፌርማታው ችግር ከፓርኪንግ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ መኪና ለመቆም 2.5 በ5 ሜትር፣ ማለትም 12.5 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ መግቢያ መውጫውን ሳንቆጥር። መንገዱ መነሻ ላይ፣ በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው መስቀል አደባባይ ሥር፣ 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ አለ። ከመሬት በታች ቦታ እያለ መኪና የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው? ጠርዙ ቅርብና ርካሽ ስለሆነ ነው። የፓርኪንግ ነገር በማጥናት የታወቁት አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት መፍትሔ ቀላል ነው፦ የጠርዙ ዋጋ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት እስኪሆን ድረስ ከፍ ይበል። «ገበያዬ ይቀዘቅዛል» የሚል ባለሱቅ አይጠፋም። ደጃፉ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆመው መኪና ግን ብዙ ጊዜ የራሱ ነው።

ከየት ይጀመር?

ከሁሉ በፊት የታክሲና የአውቶቡስ መቆሚያዎቹን ከቆመ መኪና ማጽዳት እመርጣለሁ። ቀለምና ትራፊክ ፖሊስ ይበቃል፤ ቁፋሮ አያስፈልገውም። የአውቶቡስ ብቻ ረድፍ ከዚያ ይከተል፤ አለበለዚያ እርሱም ፓርኪንግ ይሆናል።

ለእናንተ የቤት ሥራ አለኝ። ነገ ጠዋት ሰፈራችሁ ካለው ዜብራ አጠገብ አሥር ደቂቃ ቁሙ። በአንድ ገጽ በእግርና በታክሲ የሚያልፈውን ሰው፣ በሌላው በቤት መኪና የሚያልፈውን ጻፉ። ከዚያ የእግረኛውን መንገድና የአስፋልቱን ስፋት በእርምጃችሁ ለኩና ከቆጠራችሁ ጎን አስቀምጡት።